ክፍሉን ጉሊት አድርጉት

የ2ኛ ወይም የ3ኛ ክፍል ሒሳብ ለምታስተምሩ፦ ልጆቹ መቀነስ ላይ ከተቸገሩባችሁ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ክፍሉን ጉሊት አድርጉት። ወጪ የለውም። ከካርቶን የ5፣ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖት ቆርጡ፤ ሸቀጡ ጠጠር፣ ቆርኪ፣ ባዶ የሳሙና ካርቶን ይሁን።

ዋናው ቁም ነገር የብር መልስ አሰጣጡ ላይ ነው። ደብተር ላይ 50 ሲቀነስ 35 ሲባል፣ ከዜሮ ላይ 5 መቀነስ ብዙ ልጅ ያስጨንቃል። ሻጭ ሲሆን ግን እንደ ባለሱቅ ወደ ላይ እየቆጠረ ይመልስ። ገዢው ለ35 ብር ዕቃ 50 ብር ሲሰጠው፣ “ሠላሳ አምስት” ብሎ ይጀምርና 5 ብር ገዢው መዳፍ ላይ ያኖራል፤ “አርባ”። 10 ይጨምራል፤ “ሃምሳ”። ገዢው እጁ ላይ ያለውን ሲቆጥር 15 ብር ያገኛል። ወዲያው ያንኑ ስሌት ሰሌዳ ላይ ጻፉት። ይህቺን ደረጃ በፍጹም አትዝለሏት፤ ካልተጻፈ ልጆቹ ጨዋታውን እንጂ ሒሳቡን አያስታውሱም።

ተማሪው ብዙ ከሆነ በየረድፉ አንድ ሻጭና ሁለት ገዢ ይበቃል፤ የቀሩት መልሱን ደብተራቸው ላይ እያሰሉ ሻጩን ይቆጣጠሩ። ከዚያ ሚና ማቀያየር ነው።

ዝምተኛ ልጅ ካለ መጀመሪያ ገዢ አድርጉት፤ “ስንት ነው?” ማለት አይከብድም። “ትንሽ ቀንሺልኝ” እያሉ ቢከራከሩም አታስቁሟቸው፣ ዋጋው በተቀየረ ቁጥር አዲስ ስሌት ይመጣል።