የነዋሪዎች ማኅበር ሰፈርን ሲያሻሽል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ነዋሪዎች ተደራጅተው መብራት ያስተከሉባቸው፣ የፍሳሽ መስመር የዘረጉባቸው፣ ቆሻሻ ሲጣልበት የኖረን ባዶ ቦታ ልጆች የሚጫወቱበት ያደረጉባቸው ሰፈሮች በብዙ ከተሞች አሉ። በአንጻሩ ማኅተምና ያልተከፈለ መዋጮ ብቻ የቀራቸው ማኅበራትም ጥቂት አይደሉም። ልዩነቱን የሚፈጥረው አብዛኛውን ጊዜ የገንዘብ መጠን ሳይሆን የሥራው ቅደም ተከተልና የመጨረሻው ውሳኔ በማን እጅ እንዳለ ነው። ከታች የተዘረዘሩት ስህተቶች ሁሉ በዚህ ወይም በዚያ መንገድ ከእነዚህ ከሁለቱ ይመነጫሉ።

ሰውን ከመስማት በፊት ደንብ ማርቀቅ

አምስት ስድስት ቅን ሰዎች ይሰባሰቡና የመጀመሪያዎቹን ወራት መተዳደሪያ ደንብ በማርቀቅ፣ ስም በመምረጥና ማኅተም በማስቀረጽ ይጨርሳሉ። ቀሪው ነዋሪ ስለ ማኅበሩ የሚሰማው መዋጮ ሲጠየቅ ነው። ከዚያ በኋላ «የእነ እገሌ ማኅበር» የሚለውን ስም ለማስቀየር ዓመታት ይፈጃል።

መጀመሪያ ቤት ለቤት ይሂዱ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው ይጻፍ። ለአንድ ቤት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ሰዓቱ ሰው ከሥራ ከገባ በኋላና የዕረፍት ቀናት ይሁን፤ በሥራ ሰዓት ብቻ ከሄዳችሁ ጡረተኞችንና ቤት የሚውሉትን ሰምታችሁ ተከራዩንና ወጣቱን ሳትሰሙ ትቀራላችሁ። በሩ ከተዘጋ ሰዓት እየለወጣችሁ እስከ ሦስት ጊዜ ተመለሱ። ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ በሰፈሩ ውስጥ ደህና የሆነውና እንዳይነካ የሚፈልጉት ምንድን ነው? መጀመሪያ እንዲለወጥ የሚፈልጉት የቱ ነው? ሥራው ቢጀመር እርስዎ በምን ያግዛሉ? ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ነገር ግን ግንበኛው፣ ሒሳብ አዋቂዋ፣ የእጅ ጋሪ ያለው፣ ደብዳቤ አሳምራ የምትጽፈው ሁሉ የሚገኙት በእሱ ነው። በዚህ ዙር ለማንም ምንም ቃል አትግቡ። የሰማችሁትን ግን በአንድ ገጽ አጠቃላችሁ በየበሩ መልሳችሁ አድርሱ።

ወሰኑን ማስፋት

ትልቅ ክልል መያዝ ክብር ይመስላል። ነገር ግን የማይተዋወቅ ሰው ገንዘብ አያዋጣም፣ ያላዋጣ ጎረቤቱንም አይጠይቅም። በፓኪስታኗ ካራቺ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980 በአክታር ሐሚድ ካን የተጀመረው የኦራንጊ የሙከራ ፕሮጀክት ይህን በሚገባ ያሳያል። እዚያ የፍሳሽ ሥራው መለኪያ ከተማው ወይም ሰፈሩ ሳይሆን ከ20 እስከ 40 ቤቶች ያሉበት አንድ ጠባብ መንገድ ነበር። የመንገዱ ነዋሪዎች የራሳቸውን ተወካይ ይመርጣሉ፤ ተወካዩ ገንዘቡን ይሰበስባል፣ ሥራውንም ያስተባብራል። ፕሮጀክቱ ካርታ፣ የወጪ ግምት፣ ሥልጠናና መሣሪያ ያቀርባል እንጂ የነዋሪውን ገንዘብ አይነካም። የቤቱን መጸዳጃ፣ የመንገዱን ቱቦና ጎረቤት መንገዶችን የሚያገናኘውን መስመር ነዋሪው ሲሠራ፣ ዋናው መስመርና የፍሳሽ ማጣሪያው የመንግሥት ድርሻ ሆነ።

ከዚህ የሚወሰደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ትልቁ ማኅበር ከትንንሽ ቡድኖች ይገንባ፤ እያንዳንዱ የመንገድ ቡድን ተወካዩን ይምረጥና ተወካዮቹ ምክር ቤት ይመሥርቱ። ሁለተኛው፣ የነዋሪው ድርሻ የት ላይ ቆሞ የማዘጋጃ ቤቱ ከየት እንደሚጀምር ቁፋሮው ሳይጀመር በጽሑፍ ይወሰን። ይህ ካልተለየ ነዋሪው ያስቀበረው ቱቦ ከምንም ጋር ሳይገናኝ ይቀራል፤ በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብም ፍሳሹ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያለው ሰው ቤት ይገባል። ቁልቁለቱን በዓይን መገመትም ያው ውጤት አለው። ከላይኛው ቤት ጀምሮ እስከ መጋጠሚያው ድረስ በውሃ ልክ ይለካ።

የውሳኔ ወንበሩን ለውጭ ሰው መስጠት

ለጋሹ፣ የእርዳታ ድርጅቱ፣ ባለሙያው፣ የሹም ተወካዩ በሥራ አመራሩ ውስጥ ብዙ ወንበር ሲይዙ ነዋሪው አዳማጭ ይሆናል። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የደድሊ ስትሪት ሰፈር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1984 ሲቋቋም የቀረበው የመጀመሪያ መዋቅር ለነዋሪዎች የሰጠው ጥቂት ወንበር ነበር። ነዋሪዎቹ በስብሰባው ላይ ይህን ተቃወሙ፤ መዋቅሩም ነዋሪው አብላጫ ድምፅ እንዲኖረው ተደርጎ እንደገና ተጻፈ። በሰፈሩ ለሚኖሩት አራት ማኅበረሰቦች፣ ማለትም ለአፍሪካ አሜሪካውያን፣ ለኬፕ ቨርዳውያን፣ ለላቲኖዎችና ለነጮች፣ በቁጥራቸው ልክ ሳይሆን እኩል ወንበር ተመደበ። ይህ ጥበብ የተሞላበት ውሳኔ ነበር፤ አንዱ ወገን ብቻውን ወስኖ ሌላውን ማስከተል የሚችልበትን በር ዘግቷል።

በራሳችሁ ደንብ ውስጥ አብላጫው ወንበር የነዋሪ መሆኑን፣ ለተከራዮች የተለየ ወንበር መኖሩን (የቤት ባለቤቶች ብቻቸውን ሲወስኑ የሚመርጡት ሥራ ሌላ ነው)፣ የአገልግሎት ዘመኑ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሆኖ የሁሉም በአንድ ቀን እንደማያበቃና ምልዓተ ጉባኤው ስንት ሰው እንደሆነ በቁጥር አስፍሩ። ምልዓተ ጉባኤን ከፍ አድርጎ መጻፍ የተለመደ ጥፋት ነው። ከአባላቱ ግማሹ ካልተገኘ መወሰን የማይችል ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሁለተኛ ጥሪ የሚል አንቀጽ ከሌለው፣ ሥራውን ራሱ ያግዳል።

በማይጨበጥ ችግር መጀመር

«ጸጥታ»፣ «ጽዳት»፣ «ድህነት» የችግር ስሞች ናቸው እንጂ ሥራ አይደሉም። «በትምህርት ቤቱ ጀርባ ካሉት 14 የመብራት ምሰሶዎች 9ኙ አይበሩም» ግን ሥራ ነው፤ ማን እንደሚጠግነው ይታወቃል፣ ሲጠናቀቅም ይታያል። የመጀመሪያው ሥራ በሦስት ወር ውስጥ የሚያልቅ፣ ብዙ ሰው የሚፈልገውና አልፎ የሚሄድ ሁሉ የሚያየው ይሁን። ደድሊ ስትሪት ላይም ትልቁ የሰፈር ፕላን ከመሠራቱ በፊት ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1986 «እኛ ላይ አትጣሉ» በሚል ዘመቻ ተነሥተው በሕገወጥ መንገድ ቆሻሻ የሚራገፍባቸውን ቦታዎች አዘጉ። ያንን ያየ ነዋሪ በፕላኑ ስብሰባ ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

አንድ ቀን አጽድቶ መሄድ

ይህ በጣም የተለመደውና በጣም የሚያሳዝነው ስህተት ነው። ሁለት መቶ ሰው ወጥቶ ቦታውን ያጸዳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ችግኝ ይተክላል፤ ከወራት በኋላ ችግኙ ደርቆ ቆሻሻው ተመልሷል። በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ በ541 ባዶ ቦታዎች ላይ የተደረገና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ቦታዎቹን በዕጣ በሦስት መድቦ ነበር፦ ቆሻሻው ብቻ የተነሳላቸው፣ ቆሻሻው ተነስቶ መሬቱ ተስተካክሎ ሣርና ጥቂት ዛፍ የተተከለላቸውና መግቢያ ያለው ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር የታጠረላቸው፣ እንዲሁም ምንም ያልተደረገላቸው። በሁለተኛው ዓይነት አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ስለ ድባቴ ስሜት ሲጠየቁ የሰጡት መልስ በግልጽ ተሻሻለ። ቆሻሻው ብቻ በተነሳበት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ዝቅ ያለው አጥር ሰው አይከለክልም፤ ቆሻሻ ጭኖ የሚመጣ መኪና ግን አያስገባም፣ ቦታው ጠባቂ እንዳለውም ይናገራል።

ስለዚህ የጽዳቱ ቀን ከመቆረጡ በፊት እነዚህ ይመለሱ። መሬቱ የማን ነው፣ የጽሑፍ ፈቃድስ አለ? ውሃ ከየት ይመጣል? በሣሩ ወቅት በወር ሁለት ጊዜ የሚያጭደው ማን ነው? መሬቱ ላይ የሚበላ ነገር የሚተከል ከሆነ ደግሞ አፈሩ ይመርመር። የፈረሰ አሮጌ ቤት የነበረበትና ብዙ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ዳር ያለ አፈር ከቀለምና ከነዳጅ የመጣ እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ከስምንት አሥር ቦታ፣ ከላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ወስዶ በአንድ ላይ ደባልቆ ለላቦራቶሪ መስጠት ነው። እርሳስ ከተገኘ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፎ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ በንጹሕ አፈር መሙላት ያስፈልጋል።

ዛፉንም በቅርብ እንየው። ጉድጓዱ ከሥሩ እብጥ (ሥሩ ከያዘው አፈር ጋር) ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይስፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከእብጡ አይብለጥ፤ ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት ቦታ ከአፈሩ በላይ ይታይ። ጠልቆ የተተከለ ዛፍ ለአንድ ሁለት ዓመት ደህና መስሎ ቆይቶ ይታመማል፤ ያን ጊዜ ምክንያቱን የሚያስታውስ ሰው አይኖርም። በዙሪያው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ገለባ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ይደረግ፣ ግንዱን ግን አይንካ። ዝናብ በሌለበት ሳምንት ለአንድ ዛፍ 60 ሊትር ያህል ውሃ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ያስፈልጋል። ሃያ ዛፍ ማለት በሳምንት 1,200 ሊትር ነው። ይህን የሚሸከም ሰው በስም ካልተመዘገበ አምስት ዛፍ ተክሎ አምስቱን ማሳደግ ይሻላል፤ የደረቀ ችግኝ ረድፍ ለሚቀጥለው ዘመቻ ማንንም አያስወጣም።

ገንዘብን በአመኔታ መያዝ

ታማኝ ሰው መምረጥ በቂ ጥበቃ አይደለም፤ ታማኙንም ከሐሜት የሚያድነው ሥርዓት ነው። የሚሰበስበው፣ የሚመዘግበውና ወጪ የሚፈቅደው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ደረሰኙ ተከታታይ ቁጥር ይኑረው፤ የተበላሸውም አይቀደድ፣ ተሰርዞ በጥራዙ ላይ ይቅር። ባንክ ላይ ሁለት ፊርማ ይኑር፤ ፈራሚዎቹም ዘመድ አይሁኑ። በየወሩ መጨረሻ ገቢው፣ ወጪውና ቀሪው በአንድ ገጽ ተጽፎ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ይለጠፍ። ሒሳቡን በዓመት አንድ ጊዜ ከኮሚቴው ውጭ የተመረጡ ሁለት አባላት ይመርምሩት።

ከአንድ ለጋሽ ብቻ መቀበልም አደጋ አለው። ለጋሹ መናፈሻ ሲፈልግና ነዋሪው ፍሳሽ ሲል የሚሠራው መናፈሻው ነው። ጥቂትም ቢሆን የነዋሪው መዋጮ ኪራይን፣ ሕትመትንና ስልክን መሸፈን ይቻለው፤ የማይፈለግ ገንዘብን «አይሆንም» ማለት የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።

የማያልቅ ስብሰባ

ስብሰባ ከ90 ደቂቃ አይብለጥ፣ ሰው ባይሞላም በሰዓቱ ይጀመር። ሕፃናት የሚያዙበት ጥግ ከሌለ እናቶች አይመጡም። እያንዳንዱ ውሳኔ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ በሚል ይመዝገብ፤ ቃለ ጉባኤውም በማግሥቱ ለሁሉም ይድረስ። ከዋዜማው በየስልኩ ደውሎ ማስታወስ ከለጠፉት ማስታወቂያ ይልቅ ሰው ያመጣል።

ያለ ማስረጃና ያለ ወቅቱ ማዘጋጃ ቤት መሄድ

«ሰፈራችን ጨለማ ነው» ለሚል አቤቱታ የሚሰጠው መልስ «እናየዋለን» ነው። ከዚህ ይልቅ ሁለት ምሽት በጥንድ በጥንድ ሆናችሁ በየመንገዱ ዙሩና የምሰሶውን ቁጥር (ቁጥር ከሌለው ፊት ለፊቱ ያለውን ቤት)፣ መብራቱ ይብራ አይብራ፣ አምፖል ይኑረው አይኑረው፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፤ በካርታ ላይም አስፍሩት። ሁለት ምሽት የሚያስፈልገው አንዳንዱ መብራት ስለሚቆራረጥ ነው። ማመልከቻው አንድ ገጽ ሆኖ የሚጠይቀው አንድ ነገር ይሁን፤ ሰንጠረዡ ይያያዝ። መዝገብ ቤት ስትሰጡ የገቢ ቁጥርና ቀን የተመታበት ቅጂ ይዛችሁ ውጡ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ንግግሩ የሚጀምረው ከዚያ ቁጥር ነው።

ወቅቱም ወሳኝ ነው። በጀት ከጸደቀ በኋላ የቀረበ ጥያቄ፣ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ዓመት ይጠብቃል። መሥሪያ ቤቱ ዕቅዱን የሚያረቅበትን ወር አጣርታችሁ ከዚያ ሁለት ሦስት ወር ቀድማችሁ ግቡ። በብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሠራው አሳታፊ በጀት ጉልበቱ እዚህ ላይ ነበር፦ ነዋሪው የትኛው መንገድ ወይም ፍሳሽ እንደሚቀድም ይመርጥ የነበረው በጀቱ ሳይዘጋ፣ በየዓመቱ በሚታወቅ የጊዜ ሰሌዳ ነው።

ሰፈሩ ሲያምር ኪራይ እንደሚንር መዘንጋት

መብራት ሲበራ፣ መናፈሻ ሲከፈት፣ መንገዱ ሲነጠፍ የመሬት ዋጋ ይወጣል፤ በቆሻሻው ዘመን የታገለው ተከራይም በአዲሱ ሰፈር መኖር ያቅተዋል። ይህን ብዙ ማኅበራት የሚያስቡት ከረፈደ፣ መሬቱ እጅ ከለወጠ በኋላ ነው። የቦስተኑ ማኅበር ገና ባዶ መሬቱ ርካሽ ሳለ አሰበው። እ.ኤ.አ. በ1988 ከከተማው አስተዳደር በሰፈሩ በአንድ ክልል ያለን ባዶ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ካሣ ከፍሎ የመውሰድ ሥልጣን አገኘ፤ መሬቱንም የሚይዝ የማኅበረሰብ የመሬት ባለአደራ ተቋም አቋቋመ። በዚህ አሠራር ቤቱ የነዋሪው ነው፣ መሬቱ ግን የተቋሙ ሆኖ በረጅም ዘመን ሊዝ ይሰጣል። ነዋሪው ቤቱን ሲሸጥ ዋጋው የሚሰላው በሊዝ ውሉ በተጻፈው ቀመር ስለሆነ፣ የሚቀጥለው ገዢም አቅሙ ውሱን የሆነ ቤተሰብ መሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ሥልጣን የሚገኝበት ሕግ በሁሉም ከተማ የለም። ሆኖም በየትኛውም ሰፈር አስቀድሞ የሚሠራ ነገር አለ፦ ባዶ መሬቶችንና ባለቤቶቻቸውን መዝግቦ መያዝ፣ ከአከራዮች ጋር የብዙ ዓመት ውል መነጋገር፣ የከተማው አስተዳደር በሰፈሩ ያለውን መሬት ከመሸጡ በፊት ማኅበሩን እንዲያማክር በጽሑፍ መጠየቅ። ይህ ሁሉ የመጀመሪያው ዛፍ በሚተከልበት ወር መጀመር አለበት።