በድሬ (ድሬዳዋ) ሙቀት ትል እያሳደጉ እርጅናን ማጥናት፦ እንዴት ይሰራል?

አቦ መጀመሪያ ትሏን እወቋት። ሲ. ኤለጋንስ ትባላለች፣ 1 ሚሊሜትር ገደማ ናት፣ ሰውነቷ እንደ መስታወት ስለሚያሳይ በማይክሮስኮፕ ሆዷ ውስጥ ያለውን እንቁላል ሳይቀር ታያላችሁ። ወስፋት መስላችሁ እንዳትፈሯት፣ ሰው አታሳምምም፣ የበሰበሰ ፍራፍሬ ላይ ባክቴሪያ እየበላች የምትኖር ናት። እድሜዋ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ነው፣ ስለዚህ አይጥ ላይ አመታት የሚፈጀውን ጥያቄ እዚህ በወር ትጨርሱታላችሁ። በፈረንጆቹ 1993 ተመራማሪዋ ሲንቲያ ኬንየንና ባልደረቦቿ ዳፍ-2 የሚባል ጂን የተለወጠባቸው ትሎች ከሌሎቹ እጥፍ እንደሚኖሩ አሳዩ፣ ይሄ ጂን ደግሞ ከኛ የኢንሱሊን ተቀባይ ጋር ዘመድ ነው፣ እኔን የያዘኝም ይሄ ነገር ነው።

ቀፊራ ገበያ ሄዶ ከበሰበሰ ማንጎ ላይ መልቀም ያምራል፣ ግን የምታገኙት ትል ሌላ ዝርያ ሊሆን ስለሚችል ለጥናት አይሆንም። ኤን2 የሚባለውን መደበኛ ዘር ከሚያሳድግ ላብራቶሪ ጠይቁ። ምግባቸው ኦፒ50 የሚባል ጉዳት የሌለው የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ነው፣ አጋር የሚባል እንደ ጄሊ የረጋ ነገር ያለበት ሳህን መሃል ላይ ጠብ አድርጋችሁ ታሳድጉታላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሙቀት። ትሎቹ 20 ዲግሪ ላይ ነው የሚጠኑት። ሙቀት ሲጨምር ቶሎ ያረጃሉ፣ ከ27 በላይ ደግሞ መውለዳቸው በጣም ይወርዳል። ድሬ ላይ ክፍሉ ራሱ ከ30 ያልፋል፣ እና ብዙ ላብራቶሪ ውስጥ ያለው ኢንኩቤተር (ሙቀት የሚጠብቅ ሳጥን) ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይችልም። የሚያቀዝቅዝ ከሌላችሁ ትንሽ ፍሪጅ ላይ ቴርሞስታት (ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሳሪያ) ግጠሙ፣ ውስጡ ቴርሞሜትር አድርጉና ጠዋት ማታ ጻፉ። እኔ አንዴ ሌሊት መብራት ጠፍቶ የ9 ቀን ስራዬ ተበላሽቷል፣ ሙቀቱን ባልጽፍ ኖሮ ደግሞ ውጤት አገኘሁ ብዬ እደሰት ነበር። ሀረር ያላችሁ በዚህ ታድላችኋል።

ቀጥሎ እኩዮች ማድረግ። እናቶቹን በበረኪናና በኮስቲክ ሶዳ ድብልቅ 5 ደቂቃ ገደማ ስትይዟቸው ሰውነታቸው ይሟሟል፣ እንቁላሉ ግን ቅርፊት ስላለው ይተርፋል (ጓንት አድርጉ፣ ከቆየ እንቁላሉም ይሞታል)። ደህና አድርጋችሁ አጥባችሁ ያለ ምግብ አሳድሩት፣ የተፈለፈሉት ሁሉ አንድ ደረጃ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ምግብ ላይ ስታወጧቸው አብረው ያድጋሉ፣ በ3 ቀን ገደማ ትልቅ ይሆናሉ።

ከዛ በሁለት ቡድን፣ የምትፈትኑት መድሀኒት የሚሰጠውና የማይሰጠው ብላችሁ ክፈሏቸው፣ በየቡድኑ 100 ያህል ቁጠሩ። አንዷ ብቻዋን 300 ገደማ ልጅ ስለምትወልድ፣ መውለድ እስኪያቆሙ በየቀኑ ወይም በየ2 ቀኑ አዲስ ሳህን ላይ አዛውሯቸው፣ አለዚያ እናትና ልጅ ይቀላቀልባችኋል።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው፣ በቀጭን ሽቦ ጭንቅላቷን ነካ ታደርጋላችሁ፣ ካልተንቀሳቀሰች ሞታለች። ሳህኑ ግድግዳ ላይ ወጥታ የደረቀችውን ወይም ልጆቿ ሆዷ ውስጥ የተፈለፈሉባትን ግን በእርጅና ሞተች ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ ለብቻ "የወጣች" ብላችሁ ከነቀኑ መዝግቡ። የሳህኑን ስም ደግሞ ሌላ ሰው በፕላስተር ይሸፍንላችሁ፣ መድሀኒት የበላችው የትኛዋ እንደሆነች የምታውቁት የመጨረሻዋ ትል ከሞተች በኋላ ይሁን።