ከላቦራቶሪ ያመለጠው አምባዛ፦ የአውሬ ፊልም ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የዘረመል ሙከራ ከእጅ ወጥቶ አውሬ የሚወለድበትን ፊልም ለመሥራት ሐዋሳ የተመቸች ከተማ ናት። ሐይቁ ዝግ ነው፤ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ በምድር ላይ ፈስሶ የሚወጣለት ወንዝ የለም። የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል። ማታ ጉማሬው ሣር ሊግጥ ከውሃ ይወጣል፤ ጠዋት አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ዓሣ ሲበለት የሰው ደረት የሚደርሱት ራሰ በራ ወፎች፣ ማራቡዎቹ፣ ቆመው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። የፍርሃቱ ግማሽ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ቀሪውን ግማሽ የሚገድሉት ስህተቶች ደግሞ አብዛኞቹ ከገንዘብ ማነስ የሚመጡ አይደሉም። ተመልካች "እንዲህ ያለ አውሬ ተፈጠረ" የሚለውን አንድ ትልቅ ውሸት ተቀብሎ ይቀመጣል። ሁለተኛ ውሸት ሲጨመርበት ግን ስልኩን ያወጣል።

ማታ መርፌ ተወግቶ ጠዋት አውሬ የሚሆን ሰው

በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። የአካል ቅርጽ የሚወሰነው በፅንስነት ነው፤ ያደገ ሰው ዘረመሉ ቢነካካ ክንዱ ክንፍ አይሆንም፣ በአንድ ሌሊትም ጥርስ አያበቅልም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የታወቀው፣ በ2020 ለኢማኑኤል ሻርፐንቲየና ለጄኒፈር ዳውድና የኬሚስትሪ ኖቤል ያስገኘው ክሪስፐር የተባለው ዘዴ የሚሠራው ዲኤንኤን በተመረጠ ቦታ መቁረጥ ነው። እውነተኛው አደጋው ለስክሪፕት ከመርፌው ይበልጣል፦ መቁረጥ ያለበትን ትቶ የሚመስለውን ሌላ ቦታ ሊቆርጥ ይችላል፣ ጉዳቱም ፍጡሩ እስኪያድግ ላይታይ ይችላል።

ስለዚህ ታሪኩን ከእንቁላል ጀምሩ። የሐዋሳ ሐይቅ ሁለት ዓሦች ለዚህ ያለ ምንም ፈጠራ ያስፈራሉ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምታስፈለፍለው። አምባዛ ደግሞ ቅርፊት የለውም፣ አፉ ዙሪያ 8 ጢም አለው፣ ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው ከውሃ ወጥቶ ይቆያል፤ መሬቱ እርጥብ ከሆነ በጎን ክንፎቹ እሾህ እየተደገፈ ይሳባል። እንቁላሉ በ27 ዲግሪ ሙቀት በ1 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ይህ የፊልሙን ሰዓት ይቆጥርላችኋል፤ ማታ የተነካካው እንቁላል በማግስቱ ማታ ይፈለፈላል።

ምክንያት የሌለው ሙከራ፣ ወላጅ የሌለው አውሬ

"ዓለምን ለመግዛት" የሚል ሳይንቲስት ማንንም አያሳምንም። በቶሎ የሚያድግ ዓሣ ለማግኘት የሚሠራ ሳይንቲስት ግን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ሰው ነው። ይህ በእውን የተሠራ ነገር ነው፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ለምግብ የፈቀደችው ልውጥ ሳልመን ከሌላ የሳልመን ዝርያ የዕድገት ሆርሞን ዘረመል ተጨምሮበት 3 ዓመት ገደማ ይፈጅ የነበረውን ዕድገት በ16 እስከ 18 ወር ይጨርስ ነበር። እንዳይራባም ሁሉም ሴት ሆነው፣ የክሮሞሶም ስብስባቸው ከ2 ወደ 3 ከፍ ተደርጎ እንዲመክኑ ይደረግ ነበር። የስክሪፕታችሁ ቀዳዳ እዚህ ጋ ነው፦ ማምከኑ ያልሠራበት አንድ እንቁላል። በአገራችንም የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ያለ ፈቃድ ልውጥ ሕያው ላይ መሥራትን ይከለክላል። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏልና ገጸ ባሕሪያችሁ የሚጠቅሰውን አንቀጽ ከመጻፋችሁ በፊት ሁለቱንም አንብቡ። ፈቃዱን ሳይጠብቅ ሙከራውን በግቢው ጓዳ የጀመረ ሰው ካላችሁ ወንጀሉም ፍርሃቱም፣ ለጎረቤት የሚዋሸው ውሸትም አብሮ ተገኘ።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ስህተት አንበሳን ከሸረሪት፣ ሰውን ከእባብ ዝም ብሎ መቀላቀል ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች፤ እሷ እንኳ የምትጠቅሰው ዘመድ አላት። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም አላቸው፣ በቅሎ በ63 ትቀራለች፤ ጎዶሎው ቁጥር ጥንድ ስለማይገጥም ትመክናለች። ይህን ያህል የተቀራረቡ እንስሳት ይህን ያህል ከተቸገሩ የራቁትን ስታዳቅሉ ተመልካቹ ይቆጥርባችኋል። አንዲት ዘረመል ከአንድ እንስሳ ወስዳችሁ ሌላው ላይ ጨምሩ፣ ምን እንደምትሠራም በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩን፤ ይበቃል።

ሙከራው በመጀመሪያው ቀን መሳካቱም አያሳምንም። እ.ኤ.አ. በ1996 የተወለደችው ዶሊ የተባለችው በግ የተገኘችው ከ277 ሙከራ ነው፤ 29 ብቻ ፅንስ ሆነው በእናቶች ማኅፀን ተቀመጡ፣ በሕይወት የተወለደችው 1 ናት። ያልተሳኩትን አሳዩን። መደርደሪያ ላይ ቀንና ቁጥር በእጅ የተጻፈባቸው የመስታወት ጠርሙሶች፣ የመጨረሻው ባዶ። ከዚህ ትዕይንት በኋላ አውሬውን ለ20 ደቂቃ ባታሳዩም ሰው አይነሳም።

የቤት ያህል ዓሣ

ርዝመት በ2 ሲባዛ ክብደት በ8 ይባዛል፤ የአጥንት ጥንካሬ ግን በ4 ብቻ። 1 ሜትር ሆኖ 8 ኪሎ የሚመዝን አምባዛ 3 ሜትር ሲሆን 27 እጥፍ ይከብዳል፣ 216 ኪሎ ማለት ነው። ውሃ ውስጥ ውሃው ይሸከመዋል፣ ፈጣን ነው። የብስ ላይ ሆዱን እየጎተተ ይሳባል፣ ቶሎም ይደክመዋል። ይህን ሕግ ከያዛችሁ ተመልካች የት መቆም እንዳለበትና የት እንደሌለበት ራሱ ያውቃል፤ ገጸ ባሕሪዋ እግሯን ውሃ ውስጥ ስታስገባ አዳራሹ ይጮኻል። 30 ሜትር ካደረጋችሁት ግን ሐይቁ ራሱ አይበቃውም፤ ጥልቅ የተባለው ቦታ እንኳ ከ20 ሜትር ብዙም አያልፍም።

የሚፈላ አረንጓዴ ፈሳሽ

ላቦራቶሪ ውስጥ በየጠርሙሱ የሚንተከተክ ባለቀለም ውሃ አታስቀምጡ። ዲኤንኤ ያለበት ፈሳሽ ውሃ ይመስላል፣ መጠኑም የእንባ ጠብታ አያክልም። ቀለምና ብርሃን ካስፈለጋችሁ ሰማያዊ መብራት ላይ የሚያበራ የጄል ሰሌዳ አለ። ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ጠብታ የሚለካው ማይክሮፒፔት፣ ቱቦዎችን በኃይል የሚያሽከረክረው ሴንትሪፊውጅ፣ ፍሪጅ፣ የዓሣ ገንዳ ከአየር መንፊያው ጋር በቂ ናቸው። ጋወኑ ይቆለፍ፣ ጓንት የለበሰ እጅ ፊት አይንካ። ሴንትሪፊውጅ ውስጥ ቱቦ ሲገባ ትይዩው ላይ እኩል የሚመዝን ሌላ ቱቦ ይገባል፤ ተዋናዩ ይህን ካደረገ ሙያውን የሚያውቅ ሁሉ ያምነዋል።

አደጋውንም በፍንዳታ አታምጡት። መብራት ይጥፋ፣ ጄኔሬተሩ አልነሳ ይበል። ገንዳው ውስጥ የነበረው የአረፋ ድምፅ ቀጥ ይላል። ጠዋት የመጣው ሠራተኛ ዓሦቹ የሞቱ መስሎት ውሃውን ወደ ቦይ ይደፋዋል። እኛ ግን አምባዛ አየር እንደሚተነፍስ ቀድመን ሰምተናል።

ልብሱ፣ ልጋጉና ደሙ

የአውሬ ልብስ ከፍራሽ ስፖንጅ ተቀርጾ በፈሳሽ ላቴክስ (ሲደርቅ ጎማ በሚሆን ፈሳሽ) ሲለበጥ ርካሽና ጥሩ ነው፤ የሚበላሸው በችኮላ ነው። አንድ ወፍራም ሽፋን ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፣ ሲታጠፍም ይላጣል። ከ6 እስከ 8 ስስ ሽፋን ቀቡ፣ እያንዳንዱ ነጭነቱ ጠፍቶ ወደ ብጫ ሲያጋድል ብቻ ቀጣዩን ጨምሩ። ደርቆ ሲያልቅ ፓውደር ነስንሱበት፣ አለዚያ ራሱን በራሱ ይጣበቃል፣ አይላቀቅም። አሞኒያ ስላለው መስኮት ክፈቱ። ተዋናዩ ክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቀብታችሁ 24 ሰዓት ሳትጠብቁ ፊቱን አትንኩ። እንዲያብረቀርቅ ብላችሁ ቫዝሊን አትቀቡት፤ ቅባት ላቴክስን ይበላዋል፣ በሁለተኛው ቀን ይቀደዳል።

የሚያብረቀርቀው ልጋግ ከማዕድ ቤት ይገኛል፦ ተልባ። 1 ብርጭቆ ያልተፈጨ ተልባ በ8 ብርጭቆ ውሃ መካከለኛ እሳት ላይ እያማሰላችሁ 10 ደቂቃ ያህል ቀቅሉ። ማንኪያው ሲነሳ እንደ እንቁላል ነጩ ክር ሲሠራ አውርዱ፣ ትኩስ እያለ በስስ ጨርቅ አጥልሉ፤ ከቀዘቀዘ አያልፍላችሁም። ከአፍ ቢገባ አይጎዳም፣ ከላቴክሱ ጋርም አይጣላም፣ በመብራት ሲታይ ከውሃ በተለየ ረጋ ብሎ ይንጠባጠባል። በፍሪጅ 2 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ይሸታል።

ደም በስኳር ሽሮፕ የሚሠራው (2 ስኳር በ1 ውሃ፣ ቀይ የምግብ ቀለም፣ ሮዝነቱን የሚሰብር 1 የሻይ ማንኪያ ካካዋ) ለቤት ውስጥ ብቻ ነው። ሐይቅ ዳር ቀን በቀን ከቀባችሁት ዝንብና ንብ ተዋናዩን ይወሩታል። ለውጭ ቀረጻ ስኳሩን ትታችሁ ያንኑ ተልባ ቀለም ጨምሩበት።

ስፖንጅ የለበሰ ሰው ፈጽሞ ሐይቅ ውስጥ አይግባ። ስፖንጁ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ሰውየው መዋኘት ቢችልም ይዞት ይሰምጣል። ለውሃው ትዕይንት ጀርባና ክንፍ ብቻ ያለው ሌላ ቁራጭ በባዶ ጀሪካኖች ላይ ሠርታችሁ ከዳር በገመድ ጎትቱት። የሚታየው 60 ሳንቲ ሜትር ጀርባ ብቻ ሲሆን ተመልካቹ ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል።

ጨለማውን በጨለማ መቅረጽ

ሐዋሳ ላይ ፀሐይ ከምሽቱ 12፡30 ገደማ ትጠልቃለች፤ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የሰው ጥላ የሚለይበት ጊዜ 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ያንን የሌሊት ትዕይንት የሚያደርግ ብርሃን በልምምድ አታባክኑ። ልምምዱ በ11 ሰዓት ይለቅ፣ በምሽት 1 ወይም 2 ሾት ብቻ አቅዱ። ከዚያ በኋላ ያለ መብራት ከቀረጻችሁ ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላል። አንድ የባጃጅ የፊት መብራት ከአውሬው ኋላ ብታቆሙ ጢሙና ልጋጉ ይለያሉ፣ የስፖንጁ ስፌት ግን አይታይም። በሰከንድ 25 ፍሬም ቅረጹ፣ የካሜራውን ሹተር 1/50 አድርጉ፤ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ከዚህ ጋር የማይገጥም ቁጥር የክፍሉን አምፖል ሊያርገበግበው ይችላል።

ድምፅ ላይ የሚሳሳቱት ከኢንተርኔት ያወረዱትን የአንበሳ ግሳት የሚለጥፉ ናቸው። የአሳማ ወይም የጅብ ድምፅ ቅዱና ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሱት፤ 2 ሰከንዱ 4 ይሆናል፣ ድምፁም አንድ ኦክታቭ ይወርዳል። አጥንት ሲሰበር ሸንኮራ አገዳ በማይክ አጠገብ ስበሩ፣ ሥጋ ሲቀደድ እርጥብ ጥቅል ጎመን ጠምዝዙ። በየቦታው 2 ደቂቃ ባዶ ድምፅ ቅዱ፣ በተለይ የማታውን እንቁራሪት። አውሬው ሲቀርብ ሙዚቃ አትጨምሩ፤ እንቁራሪቶቹን አቋርጧቸው።

እውነተኛውን አውሬ መርሳት

ጉማሬ ከ1,000 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ሰውን ሮጦ ይቀድማል፣ ሲመሽ ወደ ዳር ይወጣል። በእሱና በውሃው መካከል መቆም ሞት ነው። የቀረጻ ቦታችሁን ቀን ላይ ከጀልባ ቀዛፊዎችና ከአጥማጆች ጋር ሆናችሁ ምረጡ፣ መውጫውን እነሱ ያውቁታል። በጀልባ የሚቀረጽ ሁሉ፣ ካሜራ ማኑም ጭምር፣ የሕይወት ጃኬት ይልበስ።

ለቀበሌውና ለአካባቢው ፖሊስ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ጩኸት እንደሚኖር በጽሑፍ አሳውቁ፤ ለጎረቤቶችም በቃል ንገሩ። ደም የተቀባው ተዋናይ ከቀረጻው ቦታ ሲወጣ ጋቢ ይደረብለት፣ ፊቱም ታጥቦ ይሂድ።