ከባሌስትራ የመጀመሪያ ቢላዋችሁን እንዴት ትሠራላችሁ?

ሱሉልታ፣ ሰበታ ወይም ለገጣፎ አካባቢ ትንሽ ግቢ ካላችሁ ቦታው በቂ ነው። ብዙ ጀማሪ መዶሻ ጨብጦ ብረት መቀጥቀጥ ያምረዋል። እኔ አልመክርም። የመጀመሪያው ቢላዋ በሞረድ ይሠራ። ስለቱ የሚቆየው ብረቱ በትክክል ግሎ በትክክል ከቀዘቀዘ ነው፤ ጉልበታችሁን ለዚያ ቆጥቡ።

ብረቱ

ፌሮ አይሆንም። ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ ቢግልም ቢነከርም አይጠነክርም። የሚሻለው የመኪና ባሌስትራ፣ ማለትም ከመኪናው ሥር ተደራርቦ ክብደት የሚሸከመው ዝርግ ብረት ነው፤ ካርቦኑ 0.6 በመቶ ገደማ ነው። ቆራሌው ጋ፣ የሰፈር ጋራዥ ወይም መርካቶ ምናለሽ ተራ ፈልጉ። ስንጥቅ ካለበት ተዉት።

ባሌስትራ ወፍራምና ቆልመም ያለ ስለሆነ ብረት ቀጥቃጭ ጋ ወስዳችሁ ወደ 4 ሚሊ ሜትር አሳሱት። ሥራውንም ቁጭ ብላችሁ እዩ። ቀጥቃጮች «ቡዳ» እየተባሉ ስንት ዘመን ተሰድበዋል፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ጋሼ ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ሲጨርሱ ብረቱን እንደቀላ አመድ ውስጥ እንዲቀብሩላችሁ ንገሯቸው። እዚያው ይደር። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ይለሰልሳል፣ ሞረድም ይበላዋል።

ቅርጹ

ቅርጹን መጀመሪያ ካርቶን ላይ ሥሩ። ስለቱ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ለጀማሪ ይመቻል። በሴጌቶ ቁረጡ፣ ሞርሳ ላይ አስራችሁ ሞርዱ። ግራይንደር ያለው ይፈጥናል፣ ግን መነጽር ያድርግ፤ በበጋ ደግሞ ከደረቅ ሣር ይራቅ። በሞረድ የሚሠራ ሰው መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም።

አሁን ስለቱን አታሹሉት። 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ተዉለት፣ አለዚያ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። የእጀታውን ቀዳዳዎችም አሁኑኑ በትራፓኖ ብሱ። ከጠነከረ በኋላ ትራፓኖው አይገባም።

እሳቱ

ይህን ሲመሽ ሥሩ። በፀሐይ የብረቱ ቅላት በደንብ አይለይም። መሬት ቆፍራችሁ ከሰል አቀጣጥሉ፤ በብረት ቱቦ ንፋስ ስጡት፣ በወናፍ ወይም በፀጉር ማድረቂያ። ቱቦው ዚንክ የተለበጠ አይሁን፤ ሲግል ጭሱ መርዝ ነው።

ቢላዋው ሲቀላ በየመሀሉ ማግኔት አስጠጉ። 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ማግኔቱ መሳብ ይተዋል። ከዚያ ጥቂት ጨምራችሁ አግሉትና ጫፉን አስቀድማችሁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ዘይት ውስጥ ንከሩት። ዘይቱ ለብ ያለ የምግብ ዘይት፣ ዕቃውም ረዘም ያለ የብረት ዕቃ ይሁን። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቅርባችሁ። ውኃም እንዲሁ፤ ባሌስትራን ይሰነጥቃል። ዘይቱ ቢቀጣጠል ክዳኑን ድፉበት እንጂ ውኃ እንዳታፈሱበት።

ሲቀዘቅዝ ሞረድ አስነኩት። ሞረዱ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። ከነከሰው እሳቱ አልበቃውም፤ ድገሙት።

የጠነከረው ቢላዋ አሁን ከእጅ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ሳታሳድሩ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱና ኦቭን ውስጥ በ200 ዲግሪ 1 ሰዓት አቆዩት። አቀዝቅዛችሁ አንዴ ድገሙት። የገለባ ቢጫ ቀለም ሲያወጣ ደርሷል። ስለቱ ሰማያዊ ከሆነ ሙቀቱ በዝቷል፣ ለስልሷል፤ እንደገና ማግላትና መንከር ነው።

እጀታና ስለት

ለእጀታ በደንብ የደረቀ ወይራ የሚያህል የለም። በኤፖክሲ አጣብቃችሁ የነሐስ ሽቦ በቀዳዳዎቹ አሳልፉና ግራና ቀኙን ጨፍልቁ። ኤፖክሲው ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት።

በመጨረሻ በመሳያ ድንጋይ፣ በያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ ገደማ አጋድላችሁ ሳሉት። ድንጋዩን አርጥቡ፣ አትቸኩሉ። ስቴንለስ ስላልሆነ ሎሚ ወይም ሽንኩርት ከቆረጣችሁበት ወዲያው አጥባችሁ አድርቁት። መጥቆሩ አይቀርም፣ ችግር የለውም። ዝገት ከጀመረው ግን ዘይት ቀባ አድርጉት።