ኒክስኦኤስ ላይ የፓኬጅ ትክክለኛ ስም አፈላለግ

ኒክስኦኤስ ፕሮግራሞች (ፓኬጆች) በኮንፊገሬሽን ፋይሉ ውስጥ በስም ተዘርዝረው የሚገቡበት የሊነክስ ዓይነት ነው። እዚያ ዝርዝር ውስጥ «ኤልኤስዩኤስቢ» ብላችሁ ጨምራችሁ ሲስተሙን ስትገነቡ «አንዲፋይንድ ቫሪያብል» (ያልታወቀ ስም) የሚል ኢረር ይመጣል። ፕሮግራሙ የለም ማለት አይደለም። ኤልኤስዩኤስቢ ተርሚናል ላይ የሚተየበው ትእዛዝ ነው፤ የያዘው ፓኬጅ ግን «ዩኤስቢዩቲልስ» ነው የሚባለው። (ትእዛዞቹንና ስሞቹን እዚህ በአነባበባቸው ጽፈናቸዋል፤ ፋይሉም ተርሚናሉም ላይ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው።)

አንድ ፕሮግራም ሦስት ስም ሊኖረው ይችላል፦ የትእዛዙ ስም፣ ፓኬጁ ሲሠራ ከነቨርዥኑ የተሰጠው ስም፣ እና አትሪቢውት የሚባለው፣ ኒክስፒኬጂኤስ በተባለው የፓኬጆች ስብስብ ውስጥ የሚጠራበት ስም። ፋይሉ የሚቀበለው ሦስተኛውን ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ሦስቱም አንድ ስለሚሆኑ ልዩነቱ አይታወቅም፤ ጣጣው ሲለያዩ ነው። ለምሳሌ ፋይሉ በሚጻፍበት በኒክስ ቋንቋ ስም በቁጥር መጀመር አይችልም። ስለዚህ «0ኤዲ» የተባለው ጌም «ዜሮኤዲ» ሆኖ ገብቷል፤ «7ዚዚ» ደግሞ ከፊቱ ሥረ መስመር ተጨምሮለት «_7ዚዚ» ሆኗል።

መጀመሪያ የሚሞከረው ሰርች ነጥብ ኒክስኦኤስ ነጥብ ኦአርጂ ነው። ቃሉን ከመጻፋችሁ በፊት ቻናሉን (ፓኬጆቹ የሚመጡበትን የኒክስኦኤስ ስሪት) ምረጡ። «ኒክስኦኤስ-ቨርዥን» የሚለው ትእዛዝ የትኛው ላይ እንዳላችሁ ይነግራችኋል። የተረጋጋው ስሪት በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ ቁጥሩ በ05 የሚያልቀው የሜይ፣ በ11 የሚያልቀው የኖቬምበር ነው። አንስቴብል በተባለው፣ ያለማቋረጥ በሚታደሰው ቻናል ላይ ያገኛችሁት ስም እናንተ ያላችሁበት ስሪት ላይ ገና ላይገባ ይችላል። ውጤቱ ላይ በትልቁ የተጻፈው ርዕስ አትሪቢውቱ ስለሆነ እሱን ነው የምትገለብጡት። ዝርዝሩን ስትከፍቱ ፓኬጁ የያዛቸው ትእዛዞች ስለሚታዩ የምትፈልጉት መኖሩን በዚያው አረጋግጡ።

ተርሚናል ለሚመርጥ «ኒክስ ሰርች ኒክስፒኬጂኤስ» ብሎ ቃሉን ማስከተል ነው። ይህ እንዲሠራ «ኒክስ-ኮማንድ» እና «ፍሌክስ» የተባሉት የሙከራ ባሕርያት መከፈት አለባቸው። የመጀመሪያው ፍለጋ ይዘገያል፤ ከዚያ በኋላ ውጤቱ ስለሚቀመጥ ይፈጥናል። መልሱ «ሌጋሲፓኬጅስ» ብሎ ይጀምርና የፕሮሰሰሩን ዓይነት ያስከትላል፤ ሁለቱን ከነነጥባቸው ቆርጣችሁ የተረፈውን ውሰዱ። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ፦ በቻናል የምትሠሩ ከሆነ ይህ ትእዛዝ በነባሪነት የሚፈልገው አንስቴብል ውስጥ እንጂ እናንተ ቻናል ውስጥ አይደለም።

የምታውቁት የፋይሉን ወይም የትእዛዙን ስም ብቻ ከሆነ ግን ከሁሉ የሚሻለው «ኒክስ-ሎኬት» ነው። «ኒክስ-ኢንዴክስ» ከሚባለው ፓኬጅ ጋር ይመጣል። ቀድሞ «ኒክስ-ኢንዴክስ»ን በማስኬድ ማውጫውን ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ደቂቃዎች ይወስዳል፣ ሜሞሪም ይበላል። ከዚያ «ኒክስ-ሎኬት /ቢን/ኤልኤስዩኤስቢ» ስትሉ ፋይሉ ያለባቸውን ፓኬጆች ይዘረዝራል። ከስሙ ኋላ «.አውት» የሚል ካለ ተዉት፤ የፓኬጁ ክፍል ስም ነው። በቅንፍ ውስጥ የተቀመጡትን ደግሞ እለፏቸው፤ የሌላ ፓኬጅ ጥገኞች ስለሆኑ በዚያ ስም በቀጥታ ሊጠሩ አይችሉም።

ነጥብ ያላቸውን ስሞች እንዳሉ ጻፏቸው። ኬት የተባለው ኤዲተር «ኬዲኢፓኬጅስ.ኬት» ነው። ፓይተን ግን ለየት ይላል። «ፓይተን3ፓኬጅስ.ሪኩዌስትስ»ን ዝርዝሩ ውስጥ ብታስገቡ ግንባታው ያልፋል፤ ፓይተንን ከፍታችሁ ኢምፖርት ስትሉ ግን አያገኘውም። ትክክለኛው መንገድ «ፓይተን3.ዊዝፓኬጅስ» ነው፤ ላይብረሪዎቹን ለሱ ትሰጡታላችሁ። አጻጻፉ ሙሉ በሙሉ በቅንፍ መታሰር አለበት። የኒክስ ዝርዝር ነገሮችን የሚለየው በባዶ ቦታ ስለሆነ ቅንፍ ከሌለ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ይቆጥረዋል። በዚሁ ምክንያት በስሞች መካከል ኮማ አይገባም። ስሙን በትምህርተ ጥቅስ ማሰርም አያድንም፤ ፓኬጅ መሆኑ ቀርቶ ተራ ጽሑፍ ስለሚሆን የዓይነት ኢረር ያመጣል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መጠየቅ ያለበት፣ የምትፈልጉት ነገር በእርግጥ በፓኬጅ ስም የሚገባ ነው ወይ የሚለው ነው። ዶከርን ዝርዝሩ ውስጥ ብትጨምሩት ትእዛዙ ይገኛል፤ ከጀርባ የሚሠራው ሰርቪስ ግን አይነሣም። የሚያስፈልገው «ቨርችዋላይሴሽን.ዶከር.ኢኔብል» የሚለውን ትሩ ማድረግ ነው (አጻጻፉ በዜድ ሳይሆን በኤስ ነው)። ስቲምም በ«ፕሮግራምስ.ስቲም.ኢኔብል» ነው መከፈት ያለበት። ስለዚህ እዚያው መፈለጊያ ገጽ ላይ «ኦፕሽንስ» የሚለውን ክፍል ቀድማችሁ እዩ። ሰርቪስ፣ ልዩ ፈቃድ ወይም የሃርድዌር ቅንብር የሚፈልግ ነገር ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አለ።

ስሙን ካገኛችሁ በኋላ ወዲያው ፋይሉ ውስጥ አትጻፉት። «ኒክስ-ሼል -ፒ ዩኤስቢዩቲልስ» ብላችሁ ሞክሩት፤ ከሼሉ ስትወጡ ሲስተሙ እንደነበረ ነው። ነጻ ያልሆነ ፈቃድ ያለው ፓኬጅ ከሆነ «ሪፊውዚንግ ቱ ኢቫሉዌት» ብሎ እምቢ ይላችኋል። ፋይሉ ውስጥ እንዲህ ያሉትን የሚፈቅደውን «አላውአንፍሪ»ን ትሩ ብታደርጉም ለኒክስ-ሼል አይደርሰውም፤ ለሱ «ኒክስፒኬጂኤስ_አላው_አንፍሪ» የሚለውን ቫሪያብል 1 አድርጉት። ፋይሉን ካስተካከላችሁ በኋላም «ስዊች» ብላችሁ ለውጡን ሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት «ኒክስኦኤስ-ሪቢልድ ድራይ-ቢልድ» ብታስኬዱ የስም ስሕተት ካለ ምንም ሳይወርድ ይታያል። «ሪኔምድ ቱ» (ስሙ ተቀይሯል) የሚል መልእክት ከመጣ ደስ ይበላችሁ፤ አዲሱን ስም ራሱ ጽፎላችኋል።

ስሙ ትክክል ሆኖም የማይሠራበት ሁኔታ አለ። «ኦፕንኤስኤስኤል» ወይም «ዚሊብ»ን ዝርዝሩ ውስጥ አስገብታችሁ ኮድ ስታጠናቅሩ ኮምፓይለሩ አላገኘሁም ሊል ይችላል። ኒክስኦኤስ ላይ ላይብረሪዎች እንደ ሌላው ሊነክስ በጋራ ማኅደር ስለማይቀመጡ፣ ለማጠናቀር የሚያስፈልጉት በፕሮጀክቱ «ሼል.ኒክስ» ፋይል ውስጥ ነው የሚጻፉት፤ ስማቸው ግን ያው ነው።