ትልቅ ፋይል ሲወርድ የቤቱ ኢንተርኔት ለምን ይታነቃል? ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ውስጥ፣ ማራኪም ሆነ አዘዞ፣ በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት የሚያደርስ መስመር ባለው ቤት አንድ ሰው 6 ጊጋ ባይት የሚሆን ፋይል ማውረድ ሲጀምር በሌላው ክፍል የቪዲዮ ጥሪ ይቆራረጣል፣ ድረ ገጽም አልከፈት ይላል። ብዙዎች መስመሩ የተበላሸ ይመስላቸዋል።

ምርመራው ቀላል ነው። ፋይሉ እየወረደ ሳለ ከኮምፒውተሩ ወደ 8.8.8.8 (የጉግል ሰርቨር አድራሻ ነው) ፒንግ፣ ማለትም መልሱ ለመምጣት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካ አጭር መልእክት ይላኩ፤ ከዚያም ማውረዱን ለጊዜው አቁመው ይድገሙት። ማውረዱ ሲቆም የመልሱ ጊዜ በእጅጉ ካጠረ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ወረፋ ነው። ፋይሉ መስመሩን ጠቅልሎ ስለሚይዘው የድምፅና የምስል መረጃው ከኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል።

መፍትሄው በማውረጃው ፕሮግራም ላይ የፍጥነት ገደብ ማስቀመጥ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቢትና ባይትን በማምታታት ነው፤ የኢንተርኔቱ ውል የሚናገረው በቢት ሲሆን ፕሮግራሞቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት በባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት በመሆኑ 4 ሜጋ ቢት ማለት በሰከንድ 500 ኪሎ ባይት ነው። ገደቡን 400 ላይ ቢያደርጉት በ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወርድ የነበረው ፋይል 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይወስዳል፤ ቤተሰቡ ሳይነታረክ ለሚያመሽበት 50 ደቂቃ ብዙ አይደለም። ይሁንና ስሌቱ መነሳት ያለበት በውሉ ላይ ከተጻፈው ሳይሆን ምሽት ላይ ተለክቶ ከተገኘው ፍጥነት ነው።

ገደቡ ተቀምጦም ጥሪው ከተቆራረጠ የሚላከውን መረጃ ይመልከቱ። በስልክ ሽቦ በሚመጣ መስመር የመላኪያው አቅም ከመቀበያው በጣም ያነሰ ስለሆነ፣ ፎቶዎችን ወደ ጉግል የሚጭን አንድ ስልክ ብቻውን ሊሞላው ይችላል፤ ጭነቱን ለሌሊት ያቆዩት። ማንም ምንም ሳያወርድ መስመሩ የሚጨናነቅ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ከበስተጀርባ የሚወርድ የዊንዶውስ ማሻሻያ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱም በማሻሻያው ቅንብር ውስጥ ገደብ ይቀመጥለታል።

ፒንጉ ወደ ራውተሩ ራሱ ሲላክም የሚዘገይ ከሆነ ችግሩ ዋይፋዩ ነው፤ በተለይ በፒያሳ አካባቢ እንዳሉት የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች ግድግዳው ወፍራም በሆነበት ቤት ራውተሩን ወደ መሃል ማምጣት ወይም በኬብል መገናኘት ይበጃል።

መብራት ሲጠፋ የሚቋረጥ ፋይልን ካቆመበት በሚያስቀጥል ማውረጃ ማውረድ ይሻላል፤ ሰርቨሩ ማስቀጠልን ካልፈቀደ ግን ከዜሮ መጀመር ግድ ነው።