ባች ፋይሌ «ጥምቀት» የሚለውን ፎልደር አላገኝም ሲለኝ

ጎንደር ፒያሳ ባለው ፎቶ ቤታችን የቀኑን ሥራ ማታ ማታ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ የሚገለብጥልኝ ባች ፋይል፣ ማለትም ዊንዶውስ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉበት የጽሑፍ ፋይል፣ አለኝ። የፎልደሮቹ ስም እንግሊዝኛ እስከሆነ ድረስ እንከን አልነበረውም። የጥር 11ን ፎቶዎች ከፋሲል መጠመቂያ አምጥቼ «ጥምቀት» የሚል ፎልደር ውስጥ ሳስገባ ግን ትእዛዞቹን የሚፈጽመው የዊንዶውስ መስኮት፣ ኮማንድ ፕሮምፕቱ፣ ፋይሉ አልተገኘም ብሎ ቆመ። ፎልደሩ እኮ ዓይኔ ሥር ነው!

ባች ፋይሉን መልሼ ብከፍተው «ጥምቀት» የነበረው «????» ሆኗል፤ ኖትፓድ ያስቀመጠው የአማርኛ ፊደል በማይዘው የቆየ ኢንኮዲንግ (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበት ስልት)፣ በአንሲ፣ ነበር። ኖትፓድ «ዩኒኮድ» በሚለው (ዩቲኤፍ 16) ሳስቀምጠው ደግሞ ኮማንድ ፕሮምፕቱ የመጀመሪያውን መስመር እንኳ አላውቀውም አለ። ከዚያ አማርኛን በሚይዘው ሌላ ኢንኮዲንግ፣ በዩቲኤፍ 8፣ አስቀምጬ ከሁሉ በላይ «ሲኤችሲፒ 65001» ጨመርኩ፤ ጽሑፉን በዩቲኤፍ 8 አንብብ የሚል ትእዛዝ ነው። አሁንም እምቢ። ሁለት ቀን የበላኝ እዚህ ጋ ነው።

ለካ የቆየው የዊንዶውስ 10 ኖትፓድ ዩቲኤፍ 8 ሲመረጥ ፋይሉ ራስ ላይ ቦም የሚባሉ 3 የማይታዩ ባይቶች ይለጥፋል። ኮማንድ ፕሮምፕቱ እነሱን ከትእዛዙ ጋር አንድ ቃል አድርጎ ስለሚያነብ የመጀመሪያዋ መስመር፣ ማለትም ራሷ ሲኤችሲፒ፣ ሳትሠራ ታልፋለች።

ፋይሉን በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ከፍቼ፣ ኢንኮዲንግ ከሚለው ሜኑ ቦም የሌለውን ዩቲኤፍ 8 መርጬ አስቀመጥኩ። ወዲያው ሠራ። ከ1903 እትም ወዲህ ያለው የዊንዶውስ 10 ኖትፓድ ግን ራሱ ያለ ቦም ስለሚያስቀምጥ ሌላ ፕሮግራም አያስፈልጋችሁም።

መስኮቱ ላይ ፊደሎቹ ባዶ ሳጥን ሆነው ቢታዩ አትደንግጡ፤ የፎንት ጉዳይ ነው፣ ቅጂውን አይነካም።